በሰፈራችን የሌሊት ስርቆት በዛ፤ ከፖሊስ ጋር እንዴት ተባብረን እንሥራ?

ጥያቄ (ነዋሪ፣ ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የሦስት ልጆች እናት ነኝ፤ የምኖረው ሆጤ አካባቢ ነው። ባለፉት ሁለት ወራት ከሰፈራችን አራት የውሃ ቆጣሪዎች ተነቅለው ተወስደዋል። የእኛ የተወሰደው ጉም ከጦሳ ተራራ ወርዶ የጎረቤት በር በማይታይበት ሌሊት ሲሆን፣ ንጋት ላይ ስነሣ ውሃው ከግቢ አልፎ መንገዱን እያጠበ ይወርድ ነበር። ለፖሊስ ያመለከተው አንድ ጎረቤታችን ብቻ ነው፤ እሱም ቃሉን ከሰጠ ወዲህ ጉዳዩ የት እንደደረሰ የነገረው የለም። አሁን ወጣቶቹ ዱላ ይዘን ሮንድ (የሌሊት ጥበቃ) እንወጣለን እያሉ ነው፤ የሰው ሕይወት እንዳይጠፋ ፈርቻለሁ። ምን ብናደርግ ይሻላል?

መልስ (የቅሬ ጸሐፊ፣ ኮምቦልቻ)

እኅታችን፣ አብሽሩ፤ እኛም በዚሁ አልፈናል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ የሚገኘው በቅሬ (በዕድር) ስለሆነ፣ የቅሬያችን ዳኛ (ሰብሳቢው) የቀጣናውን ፖሊስ ወደ ስብሰባችን ጠሩት። ፖሊሱ ገና ሳይቀመጥ «የተሰረቀባችሁ እጃችሁን አውጡ» አለ፤ አሥራ አንድ እጅ ወጣ። ከዚያ ደብተሩን ገልጦ ከእኛ ሰፈር የተመዘገበው ሁለት ብቻ መሆኑን አሳየን። እኛ ፖሊስ ዝም አለን ስንል፣ እሱ ደግሞ ሰፈራችን ሰላም ነው ብሎ ሌሊት የሚዞረውን ኃይል ወደ ሌላ ቦታ ይልክ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንኛውም ስርቆት በዕለቱ እንዲመዘገብ፣ ፖሊሱም በየወሩ መጥቶ ያለፈውን ወር ጥቆማዎች ውጤት አስቀድሞ እንዲናገር ተስማማን። ምንም ያልተገኘበትንም ጉዳይ «አልተገኘም» ብሎ መንገሩ ሰውን አላስቀየመም፤ ሰውን የሚያርቀው ዝምታው ነበር።

መልስ (በጡረታ ላይ ያለ የፖሊስ አባል፣ ወልዲያ)

የቅሬው ጸሐፊ የተናገሩት ትክክል ነው፤ በበኩሌ ስለ ጥቆማው ይዘት ልጨምር። «ሌባ በዝቷል» የሚል አቤቱታ ለመርማሪ ምንም አይጠቅመውም። «ማክሰኞ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ውሻ ጮኸ፣ አንድ ባጃጅ መብራቱን አጥፍቶ ወደ ታች ወረደ» የሚል ቃል ግን መነሻ ይሆነዋል። የቆጣሪውን መለያ ቁጥር አብራችሁ ስጡ፤ የቆጣሪውን ናስ የሚነቅል ሰው የሚሸጠው ለብረታ ብረት ገዢ ነውና፣ ቁጥር ከሌለ ዕቃው ቢገኝም የማን መሆኑን ማስረዳት ያስቸግራል። የተሰረቀ መሆኑን እያወቁ መግዛት በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 682 ያስቀጣል፤ ስለዚህ ገዢዎቹን ከፖሊስ ጋር ሆኖ አስቀድሞ ማነጋገር ሌሊቱን ሙሉ ከመጠበቅ የበለጠ ሊጠቅም ይችላል።

ሮንዱን በተመለከተ፣ የተረኞቹ ስም ጣቢያ ይመዝገብ፤ ፊሽካ፣ ባትሪና የጣቢያው ስልክ ይያዙ። እጅ ከፍንጅ የያዙትን ሰው ሳይዘገዩ ለፖሊስ ያስረክቡ እንጂ አንዲት ጥፊ እንኳ አይምቱ፤ የደበደበ ሰው ራሱ ተከሳሽ ይሆናል። ተጠርጣሪው በዋስ ሲወጣም «ፖሊስ ለቀቀው» ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ የዋስትናውን ጥያቄ የሚወስነው ዳኛው ነው። ይህን ለሰፈሩ ሰው ማስረዳት የፖሊስ ግዴታ ነበር፤ በአገልግሎት ዘመናችን ብዙዎቻችን አላደረግነውም።

መልስ (ተከራይ፣ ደሴ)

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። በአንድ ሰፈር ሳለሁ ሮንዱ በየምሽቱ የሚያስቆመው ተከራዮችን፣ የቀን ሠራተኞችንና ተፈናቅለው የመጡ ሰዎችን ብቻ ነበር፤ ኋላ የተያዘው ሌባ ግን የዚያው ሰፈር ልጅ ሆኖ ተገኘ። ተከራዮችም ቅሬው ውስጥ ይግቡ፤ በፈረቃ ስለምንሠራ ሌሊት የምናየው እኛ ነን።

ምላሽ (ጠያቂዋ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የቆጣሪያችንን ቁጥር ከአሮጌ የውሃ ክፍያ ደረሰኝ ላይ አገኘሁት፤ ነገ ጠዋት ከሦስቱ ጎረቤቶቼ ጋር ጣቢያ ሄደን እናስመዘግባለን። የቅሬ ዳኛችንም ፖሊሱን ለእሑድ ሊጠሩልን ተስማምተዋል፤ ወጣቶቹ እስከዚያ ድረስ ዱላቸውን እንዲያስቀምጡ ለምኛቸው እሺ ብለውኛል።