«አይም ጉድ» ማለት እሺ ነው ወይስ እምቢ?

ንባብ_ወዳድ፦
ሰላም ለሁላችሁም። የምሠራው ከተለያየ አገር ሰዎች ጋር ነው፤ የምንጻጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ሪፖርት መጻፍ አይከብደኝም። ግራ የሚያጋባኝ ቀላል የሚመስለው ቃል ነው። አንዷን ባልደረባዬን «ላግዝሽ?» ስላት «አይም ጉድ» ትለኛለች። ላግዛት ወይስ ልተዋት? ሌላው የሠራሁትን ስላይድ አይቶ «ሲክ!» ብሎ ጻፈ። መዝገበ ቃላት ስከፍት የመጀመሪያው ፍቺ «የታመመ» ይላል። ከሥራ በኋላ በቪዲዮ እናውራ ሲባል ደግሞ አንዱ «አይም ዳውን»፣ ሌላው «አይም አፕ ፎር ኢት» ይላል፤ አንዱ «ታች»፣ ሌላው «ላይ» እያለ ሁለቱም ቪዲዮው ላይ ይገኛሉ። መዝገበ ቃላቱን ልመን ወይስ የአራዳ ቃላት የሚፈታውን የኢንተርኔት ገጽ፣ አርባን ዲክሽነሪን? እኔስ እንዲህ ብዬ ልጻፍ?

የፊልም_ተርጓሚ፦
እህቴ፣ ሥራዬ የፊልም ንግግር መተርጎም ስለሆነ ከእነዚህ ቃላት ጋር ስታገል ነው የምውለው። ባልደረባሽን ተያት። ላግዝሽ ለሚል ሰው «አይም ጉድ» ካለች «አያስፈልገኝም፣ አመሰግናለሁ» ማለቷ ነው። «እንዴት ነሽ?» ተብላ ቢሆን ኖሮ «ደህና ነኝ» ይሆን ነበር። ስለዚህ መልሱን ብቻ ሳይሆን የተጠየቀውንም አብረሽ ያዢ። «ሲክ» ያለሽ ሰው አድንቆሻል፤ በጣም አሪፍ ነው ብሎሻል። «ዊክድ» (ክፉ) እና «ባድ»ም (መጥፎ) እንዲሁ ተገልብጠው ሙገሳ የሚሆኑበት ጊዜ አለ። «አይም ዳውን» እና «አይም አፕ ፎር ኢት» ሁለቱም «አለሁበት» ናቸው።

መዝገበ ቃላቱ ግን አልዋሸሽም። ወደ ታች ውረጂ፣ ታገኚዋለሽ። ሜሪየም ዌብስተር የተባለው የአሜሪካ መዝገበ ቃላት ፍቺዎቹን የሚደረድረው በዕድሜያቸው ነው፤ ቀድሞ የነበረው ከላይ ይቀመጣል። ለተማሪ የሚዘጋጁት ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያስቀድሙት ሰው አዘውትሮ የሚጠቀምበትን ነው። ከፍቺው አጠገብ ያለችውን ትንሽ ምልክትም አትለፊያት፦ «ኢንፎርማል» (ለመደበኛ ጽሑፍ የማይሆን)፣ «ስላንግ» (የአራዳ ቋንቋ)፣ «ኦፌንሲቭ» (የሚያስቀይም)፣ «ዴትድ» (ጊዜው ያለፈበት)። ለእኔ ከፍቺው በላይ የምትጠቅመኝ እሷ ናት። ቃሉን ለማን ማለት እንደሚቻል የምትነግርሽ እሷ ናትና።

አርባን ዲክሽነሪን በ1999 እ.ኤ.አ. የጀመረው አሮን ፔካም ነው። ማንም ይጽፍበታል፣ ማንም ድምፅ ይሰጥበታል። ትናንት የወጣ ቃል ዛሬ እዚያ ታገኚያለሽ። ግን ለቀልድ የተፈጠረውም፣ ጸያፉም፣ እውነተኛውም አንድ ላይ ነው ያለው። እኔ ፍንጭ እወስድበታለሁ፤ ከዚያ ሰዎች ቃሉን በእውነተኛ ንግግር ሲሉት ካላገኘሁ አልተረጉመውም።

የድሮ_መምህር፦
እኔ በዚህ ነገር አልስማማም። መዝገበ ቃላቱም እየላላ ነው። «ሊትራሊ» ማለት «ቃል በቃል» ነበር። አሁን ሰው «ሊትራሊ ሞትኩ» ይላል፣ ቆሞ እየሄደ። ኦክስፎርድም በ2011 እ.ኤ.አ. ይህን አጠቃቀም አስገባው። ታዲያ ተማሪ ምኑን ይያዝ?

የፊልም_ተርጓሚ፦
መምህር፣ ቅሬታዎ ይገባኛል፤ እኔም «ሊትራሊ» ሲበዛ ይሰለቸኛል። ነገር ግን የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ሥራው ሰው የሚለውን መመዝገብ ነው፤ ፈቃድ መስጠት አይደለም። «ናይስ» ከላቲን ሲመጣ «አላዋቂ» ማለት ነበር። «ኦኬ»ም ቢሆን በ1839 እ.ኤ.አ. በአንድ የቦስተን ጋዜጣ የወጣ ቀልድ ነበር። «ኦል ኮሬክት» (ሁሉም ትክክል) የሚለውን ሆን ብለው በተሳሳተ ፊደል፣ በ«ኦ» እና በ«ኬ» ጀምረው ጽፈው አሳጠሩት። ያኔ መምህራን እንዳይባል ቢከለክሉ እንኳ ዛሬ የማይለው የለም። አዘጋጆቹ ደግሞ አይቸኩሉም። «ሰልፊ» በ2002 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ በኢንተርኔት ተጽፎ ተገኝቷል። ኦክስፎርድ የዓመቱ ቃል ያለው ግን በ2013 ነው።

ከርቀት_ሠራተኛ፦
አንድ ልጨምር፣ ለሥራሽ ይጠቅምሻል። ስላንግ ያልሆኑ ቃላትም እንደ አገሩ ይለያያሉ። ስብሰባ ላይ እንግሊዛዊ አንድን ጉዳይ «ቴብል እናድርገው» ካለ አሁን እንወያይበት ማለቱ ነው። አሜሪካዊ ካለው ለሌላ ጊዜ እናቆየው ማለቱ ነው። ፍጹም ተቃራኒ! እኔ ሁልጊዜ «ዛሬ ነው ወይስ ሌላ ቀን?» ብዬ እጠይቃለሁ። «ኩዋይት ጉድ»ም እንደዚያው ነው። ከአሜሪካዊ ጥሩ ሙገሳ ነው፤ ከእንግሊዛዊ ግን ብዙ ጊዜ «ምንም አይልም» ያህል ነው።

ንባብ_ወዳድ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። «ቴብል»ን ጨርሶ አላውቀውም ነበር። ልጠቀምባቸው ወይ ላልኩት ግን የመለሰልኝ የለም።

የፊልም_ተርጓሚ፦
ልክ ነሽ፣ ዘለልኩት። ለመረዳት ፍጠኚ፣ ለመናገር አትቸኩይ። የአራዳ ቋንቋ የዕድሜና የቡድን ነው። «ኩል» ዛሬ የሁሉም ነው፤ መነሻው ግን የጥቁር አሜሪካውያን አነጋገር ነው፣ በጃዝ ሙዚቀኞች በኩል ነው የተስፋፋው። ዛሬ የሚወጡትም ብዙዎቹ መነሻቸው እዚያው ነው። ከባልደረቦችሽ አፍ ደጋግመሽ የሰማሽውን ብቻ፣ ለእነሱው መልሺ። «አይም ዳውን»ን ለእኩዮችሽ ያለ ስጋት ጻፊው። ለአለቃሽ ግን «አይም ጉድ»ን ተይውና «ኖ፣ ታንክ ዩ» በይ። «ሲክ»ን ደግሞ ስለ ሰው ሥራ እንጂ ስለ ሰውየው አትበይው፤ ስለ ሰው ከሆነ ታሟል ብለው ይረዱሻል።