የጤፍ ቱፎርዲ እና የጋልስተን ዕዳ

ጠያቂ (ቢቸና)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጤፍ ላይ የምንረጨው የአረም መድኃኒት ቱፎርዲ (2,4-ዲ) የአሜሪካ ጦር በጦርነቱ ጊዜ ቬትናም ላይ ደን ያረገፈበት «ኤጀንት ኦሬንጅ» ራሱ ነው፤ የፈጠረው አሜሪካዊው የዕፅዋት ተመራማሪ አርተር ጋልስተንም ሲጸጸት ኖሮ ሞተ ይባላል። እውነት ከሆነ ወደ እጅ አረም ልንመለስ ነው።

ዓባይ ማዶ፦
ሁለት ነገር ተምታቷል። ጋልስተን ቱፎርዲን አልፈጠረም። በ1943 እ.ኤ.አ. በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ባጠናቀቀው የዶክትሬት ጥናት ቲባ የሚባል ውህድ አኩሪ አተር ቶሎ እንዲያብብ እንደሚያደርግ አሳየ። መጠኑ ሲበዛ ግን ቅጠል ያረግፋል፤ እሱንም ጻፈው። የአሜሪካ ጦር ተመራማሪዎች የያዙት ይህንን ነው። ኤጀንት ኦሬንጅ የቱፎርዲና 2,4,5-ቲ የተባለ ሌላ የአረም መድኃኒት እኩል ድብልቅ ነው። ዳይኦክሲን የተባለው መርዝ የመጣው ከ2,4,5-ቲ አመራረት ነው።

ጮቄ፦
ታዲያ ጋልስተን ምን ዕዳ አለበት? አበባ ፈለገ፤ የረጩት ሌሎች ናቸው።

ዓባይ ማዶ፦
እንዲህ ብሎ መቀመጥ ይችል ነበር፤ አልተቀመጠም። በ1966 ከሙያ ባልደረቦቹ ጋር ርጭቱን በመቃወም ለአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆንሰን ደብዳቤ ጻፈ። በ1970 ደግሞ ተፈጥሮን ሆን ብሎ ማውደም በዓለም አቀፍ ስምምነት እንዲታገድ ጠየቀ። ርጭቱ በ1971 ቆመ። እኔ ትልቅነቱን የማየው እዚህ ላይ ነው፤ በእጁ ያልረጨውን የራሱ ጉዳይ አደረገው።

አዝመራ፦
ወደ ማሳው እንምጣ። ለአንድ ቃዳ (ሩብ ሄክታር) 250 ሚሊ ሊትር ቱፎርዲ በ50 ሊትር ውኃ፤ 15 ሊትር ለሚይዝ የጀርባ መርጫ 75 ሚሊ። የእያንዳንዱ ሰው የአካሄድ ፍጥነት ይለያያልና ለቃዳው ስንት ውኃ እንደሚበቃችሁ መጀመሪያ በንጹሕ ውኃ ለክታችሁ እዩት። ጊዜው ጤፉ ግንድ ሲያበዛ፣ ከተዘራ ከ25 እስከ 30 ቀን ነው። ጤፉ ሊያሸት ሲል ከተረጨ ፍሬው ይጎዳል። ቱፎርዲ የሚገድለው ቅጠለ ሰፊውን ብቻ ነው፤ ሙጃንና ሰርዶን አይነካም፤ እነዚህን በእጅ ታርማላችሁ። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ኑጉ ነው። መጭ የሚባለው አረምና ኑግ ዘመዳሞች ናቸው፤ መጭን የገደለ ኑግንም ይገድላል። ስለዚህ ማለዳ፣ ነፋስ ሳይነሳ፣ የመርጫውን አፍንጫ ዝቅ አድርጎ መርጨት ነው። የጎረቤት ኑግ ተጠማዞ ሲደርቅ «ነፋሱ ነው» ማለት አያዋጣም፤ ንቡም የሚቀስመው ከዚያው ነው።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። በዚያው መርጫ ሽምብራ ላይ የትል መድኃኒት ብረጭስ?

አዝመራ፦
አይሆንም፤ በቱቦው ውስጥ የቀረው ጠብታ ሽምብራውን ያጠማዝዘዋል። ቢቻል ለአረም የተለየ መርጫ ያዙ። ካልሆነ በሳሙና ሦስት ጊዜ አጥቡት፤ እጣቢውንም ወንዝ ውስጥ አትድፉ። ባዶ ጠርሙሱን ብሱት እንጂ ለዘይት እንዳትይዙበት።