ጢያና መልካ ቁንጡሬ በአንድ ቀን ይዳረሳሉ?

የአለም ገና ልጅ፦ ሰላም ቤተሰብ። የምኖረው አለም ገና ነው፣ የቡታጅራ ሚኒባስ በየቀኑ ደጄ ላይ ያልፋል፣ እኔ ግን ጢያን፣ የትክል ድንጋዮቹን ቦታ፣ አንድ ቀን ረግጬ አላውቅም። ያሳፍራል። እሁድ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሁለቱንም አይተን መመለስ አስበናል። ይሆናል ወይስ ሩጫ ነው?

ድንጋይ ወዳጅ፦ ይሆናል፣ ብቻ በጠዋት ውጡ። ሁለቱም አንድ መንገድ ላይ ናቸው። የጥንት ሰው መሣሪያ የተገኘበት መልካ ቁንጡሬ ይቀድማል፣ እኔ ብሆን ግን አልፌው መጀመሪያ ጢያ እገባለሁ፤ የጠዋት ፀሐይ ከጎን ስትመታው የተቀረጸው ሰይፍ ጥላ ይይዝና ጎልቶ ይወጣል፣ እኩለ ቀን ላይ ሁሉም ጠፍጣፋ ነው የሚመስለው። ድንጋዮቹ 36 ናቸው፣ 32ቱ ቅርጽ አላቸው። ቦታው መቃብር ስለሆነ እባካችሁ ተደግፋችሁ ፎቶ አትነሱ!

ባልጩት፦ በፀሐይዋ እስማማለሁ። ግን መልካ ቁንጡሬን እንደ መንገድ ዳር ሻይ ቤት አትዩት። ጢያ በ1980 እ.ኤ.አ. የዓለም ቅርስ ሆነ፣ መልካ ቁንጡሬ ገና በ2024፣ ለዚህ ይሆናል ሰው የሚዘልለው። እዚያ አዋሽ ዳር ከሚሊዮን ዓመት በላይ የቆየ የድንጋይ መሣሪያ ተገኝቷል፣ ጎጆ በሚመስሉት የሙዚየሙ ቤቶች ውስጥ ታዩታላችሁ። የባልጩቱን ስለት ልብ በሉ፣ ጥቁር ጠርሙስ ነው የሚመስለው።

የአለም ገና ልጅ፦ ተባረኩ። ጢያ በጠዋት፣ መልካ ቁንጡሬ ከምሳ በኋላ። ምሳ ግን የት ነው የሚበላው?

ድንጋይ ወዳጅ፦ ቋጥራችሁ ሂዱ 😄