የከባድ ሚዛን የመልስ ግጥሚያ፦ አገሩንና ቦታውን ማን ይመርጣል?

ጥያቄ፦
የመጀመሪያውን ፍልሚያ ያሸነፈው ቦክሰኛ የመልሱን ግጥሚያ አገሬ ላይ ላድርገው ቢል መብት የለውም? ደግሞስ ስታዲየም ይሻላል ወይስ አዳራሽ?

መልስ 1፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ውሉን ነው የምታየው። የመልስ ግጥሚያ አንቀጽ ብዙ ጊዜ የሚፈረመው ከመጀመሪያው ፍልሚያ በፊት ነው፤ ቦታ የመምረጥ ሥልጣን የየትኛው አዘጋጅ እንደሆነም እዚያው ሊሰፍር ይችላል። አንዲ ሩይዝ እ.ኤ.አ. በ2019 አንቶኒ ጆሹዋን ኒውዮርክ ላይ ጥሎ የሻምፒዮንነት ቀበቶዎቹን ወሰደ፤ መልሱ ግን በዚያው ዓመት ዲሴምበር ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ዲርኢያ ላይ ሆነ። ቀበቶ ብቻውን ቦታ አያስመርጥም።

መልስ 2፦
ዋናው ገንዘብ ነው። አስተናጋጁ ቁርጥ ያለ ክፍያ አስቀድሞ ከሰጠ አዘጋጁ ቲኬት ተሸጠ አልተሸጠ ብሎ አይጨነቅም። የከባድ ሚዛን ቦክሰኞቹ ታይሰን ፉሪና ኦሌክሳንደር ኡሲክ በ2024 ሁለቱንም ጊዜ ሪያድ፣ ኪንግደም አሬና አዳራሽ የተገናኙት ለዚህ ነው። እንዲህ ያለ ከፋይ ከሌለ ትልቅ ስታዲየም ያዋጣል፤ ኡሲክና ዳንኤል ዱቧ በ2025 የመልሳቸውን ግጥሚያ ያደረጉት ለንደን፣ ዌምብሌይ ስታዲየም ነው። ታክስን አትርሱ! ብዙ አገሮች ከውጭ ቦክሰኛ ክፍያ ላይ ከምንጩ ይቆርጣሉ፤ የሚነጻጸረው የተጣራው ነው።

መልስ 3፦
ሰዓቱም አለ። እ.ኤ.አ. በ1974 መሐመድ አሊና ጆርጅ ፎርማን ኪንሻሳ (ኮንጎ) ላይ ሌሊት 10 ሰዓት ገደማ የተፋለሙት ለአሜሪካ ተመልካች እንዲመች ነው። ክፍት ስታዲየም ከሆነ ከሪንጉ በላይ ጣሪያ ይሠራ፤ ነፋስ ዝናቡን በጎን ካስገባው የሪንጉ ወለል ሸራ ያንሸራትታል፣ እግር ይከዳል። እኔ አዳራሽ እመርጣለሁ።