መብራት ሲጠፋ የሚታወክ የማንቂያ ደወል

ዳዊት (ፒያሳ)፦ በአንድ የወርቅ ቤቶች ሕንጻ የስርቆት ማንቂያ ዘርግቻለሁ። መቆጣጠሪያ ሳጥኑ ምድር ቤት ነው። የላይኛው ፎቅ ሳይረንና የእንቅስቃሴ ጠቋሚዎች 60 ሜትር ርቀው በአንድ ጥንድ 0.22 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ይመገባሉ። መብራት ሲኖር ደህና ነው፤ መብራት ጠፍቶ ሳይረኑ ሲጮህ ግን ጠቋሚዎቹ ጠፍተው እንደገና ይነሳሉ። ባትሪው አዲስ ነው። ምን ልለውጥ?

መኮንን (አራት ኪሎ)፦ ወንድሜ ዳዊት፣ ባትሪውን ተወው፤ ችግሩ ሽቦው ነው። መሄጃና መመለሻው 120 ሜትር ስለሚሆን ተቃውሞው 9.4 ኦም ገደማ ነው። ሳይረኑና ጠቋሚዎቹ በአንድነት 300 ሚሊ አምፔር ቢስቡ 2.8 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። መብራት ሲኖር የሳጥኑ ቻርጀር 13.6 ቮልት ሲሰጥ ላይ 10.8 ይደርሳል፤ መብራት ጠፍቶ ባትሪው 11.5 ላይ ሲወርድ ግን 8.7 ብቻ! ብዙዎቹ ጠቋሚዎች ከ9 በታች አይሠሩም። ለሳይረኑ የራሱን 1 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ሳብለት። ሰው ንብረቱን አምኖ ሰጥቶን በቀጭን ሽቦ ስንቆጥብ በጣም ያናድደኛል።

ሰላም (ሜክሲኮ)፦ ግድግዳ መቆፈር ካልተቻለ በኬብሉ ውስጥ ትርፍ ሽቦዎች ካሉ ከፖዘቲቩም ከኔጋቲቩም ጋር አጣምራቸው፤ ብክነቱ በግማሽ ይቀንሳል። ላይኛው ፎቅ ላይ ባለ ባትሪ ኃይል ሰጪ ብትጨምር ደግሞ ኔጋቲቩን ከዋናው ሳጥን ኔጋቲቭ ጋር አገናኝ፤ ፖዘቲቮቹን ግን አታገናኝ።

ዳዊት፦ ጋሼ መኮንን፣ እህቴ ሰላም፣ አመሰግናለሁ። ሁለት ትርፍ ሽቦዎች አሉ፤ ዛሬ አጣምሬ ልለካ ነው።

መኮንን፦ ስትለካ የ220 ቮልቱን መስመር አጥፋ፣ ሳይረኑ እየጮኸ በመጨረሻው ጠቋሚ ላይ ለካ።