ብዙ አነባለሁ፤ የምጽፈው ታሪክ ግን ከየት ይምጣ?

ጥያቄ፦ ጀማሪ ጸሐፊ

ላለፉት ሦስት ዓመታት አጫጭር ልብ ወለዶችን ለመጻፍ ስሞክር ቆይቻለሁ። በወር ቢያንስ ሁለት መጻሕፍት አነባለሁ፤ ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጮች ጋርም ከመተዋወቅ አልፌ በዱቤ እስከ መውሰድ ደርሻለሁ። ችግሬ ግን ብዕር ባነሣሁ ቁጥር ወረቀቱ ላይ የሚወርደው በቅርቡ ያነበብኩት መጽሐፍ ጥላ መሆኑ ነው። ባለፈው ወር የጻፍኩትን ታሪክ ለአንድ ወዳጄ ባሳየው ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ «ይህን ሰውዬ የት ነው የማውቀው?» አለኝ። እኔም አውቀው ነበር፤ የሌላ ደራሲ ልጅ ነው። ለጊዜው ማንበብ ባቆም ይሻለኛል? ወይስ እናንተ የታሪክ ሐሳብ የምትቀዱበት ሌላ ምንጭ አለ?

መልስ፦ የወመዘክር ደንበኛ

ማንበብዎን አያቁሙ፤ የሚያነቡትን ዓይነት ግን ያስፉ። ልብ ወለድ ብቻ የሚያነብ ሰው የሚያገኘው ሌላው ደራሲ መርጦ፣ ቆርጦና ሰፍቶ የጨረሰውን ልብስ እንጂ ጣቃውን አይደለም።

እኔ ጣቃውን ያገኘሁት ባላሰብኩት ቦታ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሌላ ጉዳይ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ) ገብቼ የቆዩ ጋዜጦችን ሳገላብጥ፣ ዐይኔ ከዋናው ዜና ይልቅ በስተመጨረሻ ወደ ተደረደሩት የፍርድ ቤት ጥሪዎች አዘነበለ። ከሳሽ ወይዘሮ እገሊት፣ ተከሳሽ አቶ እገሌ፣ በመካከላችሁ ስላለው የፍቺ ክርክር በዚህ ቀንና ሰዓት እንድትቀርብ፣ ባትቀርብ ግን ጉዳዩ በሌለህበት የሚታይ መሆኑን እንድታውቅ። በቃ፣ ይኸው ነው። እንዲህ ያለው ጥሪ በጋዜጣ የሚወጣው ተከሳሹ ያለበት ሳይታወቅ ሲቀር መሆኑን ሲያስቡ ግን፣ ከእነዚያ ጥቂት መስመሮች ጀርባ ባሏ የገባበት የጠፋባት ሴት ቁጭ ብላ ትታያለች። ሰውዬው ጋዜጣውን ያነብ ይሆን? በሩቅ አገር ሻይ ቤት ተቀምጦ ከጎኑ ያለው ሰው ጮክ ብሎ ስሙን ሲያነብ ቢሰማስ፣ ቀና ይላል ወይስ ብርጭቆውን ይጨርሳል? ይህንን ይዤ ወጥቼ 14 ገጽ ጻፍኩ። ስሙን፣ ከተማውንና ዘመኑን ለወጥኩ፤ ከእውነተኛው ጥሪ የተውኩት ከጠዋቱ 3 ሰዓት የሚለውን ቀጠሮ ብቻ ነው፤ እሱን መለወጥ ለምን እንዳሳሳኝ እስካሁን አልገባኝም።

መልስ፦ ባለማስታወሻው

ከላይ የተሰጠው ምክር ጥሩ ቢሆንም፣ ጠያቂውን ከአንዱ ወረቀት ወደ ሌላው ወረቀት እንዳይወስዳቸው እሰጋለሁ። ቃሉ ራሱ ሳያሳስተን አልቀረም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት መጽሐፍ «ልብ ወለድ ታሪክ» ከተባለ ጀምሮ፣ ታሪክን ልብ ብቻውን የሚወልደው አድርገን እናስባለን፤ ልብ ግን ያለ ዐይንና ያለ ጆሮ መካን ነው። በዓሉ ግርማን ይመልከቱ። በ1974 ዓ.ም. ደርግ በኤርትራ ባካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ወቅት ለማስታወቂያ ሥራ አስመራ ባይሄድ ኖሮ፣ በዓመቱ የወጣውን «ኦሮማይ»ን የትኛውም ንባብ አይሰጠውም ነበር። (የከፈለውን ዋጋ ሁላችንም እናውቃለን፤ እዚህ አላነሣውም።) በሌላ በኩል ለዓመታት ጋዜጣና መጽሔት ያዘጋጀ፣ ብዙ ያነበበ ሰው ባይሆን ኖሮ ያየውን ነገር በዚያ ቅልጥፍና መተረክ ባልቻለ። ስለዚህ ያንብቡ፤ ሲያነቡ ግን «ምን ሆነ?» ከማለት ይልቅ «ይህን ለምን አሁን ነገረኝ? ምኑን ደበቀኝ?» እያሉ ይጠይቁ። እንዲህ ከተነበበ መጽሐፍ ባለታሪኩ ሳይሆን ብልሃቱ ነው የሚጋባው።

ጠያቂው፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ምክራችሁን ካነበብኩ በኋላ ቤታችን ውስጥ ለዓመታት ተቀምጦ የኖረውን የእድር መዝገብ አወጣሁ፤ ሟቹ አያቴ የሰፈሩ እድር ጸሐፊ ነበሩ። አንድ ስም ዐይኔን ያዘው። ለሦስት ዓመት ያህል በየወሩ ከስሙ ትይዩ «ቀሪ» ተብሎ 50 ሳንቲም ቅጣት ተጽፎበታል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ግን ከአባልነት አልተሰረዘም። የሰውዬው ልጆች ዛሬም ጎረቤቶቻችን ናቸው። ስሙን ብለውጥ ይበቃል?

መልስ፦ ባለማስታወሻው

በአንድ ሰፈር ውስጥ ስም መለወጥ ማንንም አይደብቅም፤ ሙያውን፣ የልጆቹን ቁጥርና ሰፈሩን ጭምር ይለውጡ፤ እድሩንም ከፈለጉ ማኅበር ያድርጉት። ይልቅስ አንድ ነገር ያለፉት ይመስለኛል። መዋጮና ቅጣቱን ሳይከፍል የሚከርም አባል በእድር ደንብ ሦስት ዓመት አይቆይም። እንግዲህ የሚከፍልለት ሰው ነበር ማለት ነው። መዝገቡ ገቢ ያደረገውን ሰው ያስፈርም እንደሆነ፣ ከ50 ሳንቲሙ ጎን ያለው ፊርማ የማን ነው?

መልስ፦ የወመዘክር ደንበኛ

የአያትዎን ፊርማ ለይተው ያውቁታል?