ክሬሙ ከኬኩ ላይ እየፈሰሰ ነው! ለነገ ጠዋት፣ ለ60 ሰው

የሳቢያኗ፦ ድሬዳዋ ነኝ፤ እባካችሁ ፈጠን በሉልኝ። ለነገ ጠዋት 4 ሰዓት ለ60 ሰው የሚሆን የቸኮሌት ኬክ በትልቅ ትሪ ጋግሬ ክሬሙን ቀባሁት፤ ወዲያው በጎኑ መንሸራተት ጀመረ። ጠርዙ ላይ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። መሃሉም ትንሽ ሰርጎድ ብሏል። ስኳር ልጨምርበት ወይስ ልጣለው?

የከዚራ ልጅ፦ ፍሪጅ ውስጥ ክተቺው።

ፉርኖ፦ አትጣይው፤ ስኳሩንም ለጊዜው ተይው። የምን ቅቤ ነው? ከስኳሩ ጋር ስንት በስንት መታሽው? ስትቀቢው ኬኩ በርዶ ነበር? ትሪውስ?

ታይዋን ተራ፦ አቦ ከ8 ሰዓት በኋላ ድሬ ላይ ሰው ሁሉ ተጋድሞ ክሬሙ ብቻ እንዲቆም ትፈልጊያለሽ?

የሳቢያኗ፦ ግማሽ ኪሎ ለጋ ቅቤ፣ 1 ኪሎ የተፈጨ ስኳር፣ ቫኒላ። ኬኩ ለብ ያለ ነበር። ትሪው 33 በ46 ሳንቲም።

ጀጎል፦ ችግሩ ሦስት ነው። ቅቤ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ ገና ሳይቀልጥም 25 ላይ ቅርጽ መያዝ ያቅተዋል። ድሬ ደግሞ ከሰዓት ቤት ውስጥም ከ30 ያልፋል። ሁለተኛ፣ የገበያ ለጋ ቅቤ ውስጡ ገና አሬራ አለ፤ ሲሞቅ ስቡና ውሃው ይለያያሉ፣ ያ ጠብ ጠብ የሚለው እሱ ነው። ሦስተኛ፣ የተመታ የቅቤ ክሬም ለብ ባለ ኬክ ላይ አይቀባም። መሃሉ የሚሰረጉደው ቤኪንግ ፓውደር ሲበዛ ወይም ኬኩ ሳይጠና ኦቨኑ ሲከፈት ነው።

የከዚራ ልጅ፦ እኮ ፍሪጅ።

እማማ ድፎ፦ ልጄ፣ ለ60 ሰው ክሬም ምን አስፈለገ? ሁለት ድፎ ዳቦ ድፊና ገላገል በይ።

የሳቢያኗ፦ እማማ፣ የልጅ ልደት ነው። ቸኮሌት ተብሎ ተነግሯቸዋል።

ፉርኖ፦ እንግዲያው ክሬሙን ወደሚፈስ ቸኮሌት ቀይሪው። ክሬሙን በቢላ ጀርባ ገፈሽ አንሺ፣ የጠራውን ውሃ አፍሺው። ከክሬሙ 350 ግራም መዝኚ። 90 ሚሊ ወተትና 30 ግራም ካካዎ በብረት ድስት አዋህደሽ፣ ክሬሙን ጨምረሽ በዝቅተኛ እሳት እያማሰልሽ አሙቂው። ጠርዙ ላይ ፈላ ፈላ ሲል አውርጂና 220 ግራም የተፈጨ ስኳር በወንፊት እየነፋሽ ጨምሪ። ካልነፋሽው ይጓጉላል። ከማንኪያ ላይ እንደ ወፍራም ማር ሲወርድ ልክ ነው፤ ከወፈረ ወተት በማንኪያ፣ ከቀጠነ ስኳር። ሙቅ እያለ ከመሃል ጀምረሽ አፍስሺና ቶሎ ዘርጊው፣ ወዲያው ቆዳ ስለሚይዝ ተመልሰሽ አትነካኪው፣ ይቀደዳል። የሰረጎደውን ቦታም እሱ ይሞላዋል። ይሄኛው የሚጠነክረው በስኳሩ እንጂ በቅዝቃዜ አይደለም፣ ስለዚህ ኬኩ ለብ ቢልም አይከፋም።

መጀመሪያ ግን መሃሉን በስንጥር ውጊው። ሊጥ ይዞ ከወጣ ያንን ክፍል ቆርጠሽ አውጪ፤ አንዴ ከበረደ ኦቨን ውስጥ መመለሱ ያደርቀዋል እንጂ አያነሳውም።

የከዚራ ልጅ፦ ከዛ ፍሪጅ 😀

ፉርኖ፦ በጭራሽ! ከፍሪጅ ወጥቶ የድሬ ሙቀት ሲያገኘው ያልበዋል፣ ቆዳውም ይሟሟል። ከመሸ በኋላ አፍስሺው፣ ቆዳው ሲይዝ ሳይነካው ከፍ አድርገሽ ሸፍኚ፣ ቀዝቀዝ ያለው ክፍል ይደር። ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ ከነትሪው ውሰጂው። ቢላውን ሙቅ ውሃ ውስጥ እየነከርሽና እየጠረግሽ በአጭሩ ጎን 6፣ በረጅሙ 10 አድርገሽ ብትቆርጪው ልክ 60 ቁራጭ ይወጣል።

ጀጎል፦ ለሌላ ጊዜ ለጋ ቅቤውን ትተሽ ጠንካራ ማርጋሪን ተጠቀሚ፤ የሚቀልጥበት ሙቀት ከቅቤ ከፍ ይላል። አፍ ላይ ትንሽ ሰም ሰም ቢልም ይቆማል።

ታይዋን ተራ፦ ለተረፈው ክሬም ሰሃናችንን የት እናምጣ?

አራተኛ በር፦ ገብቼ ልጠይቅ። የሐረር ልጅ ነኝ፣ ይሄንኑ ትሪ የሚሞላ የኬኩን መጠን ብትሰጡኝ? እኔም ጋ መሃሉ ሁሌ ይገባል።

ፉርኖ፦ 250 ግራም ፉርኖ ዱቄት፣ 400 ግራም ስኳር፣ 225 ግራም ቅቤ፣ 30 ግራም ካካዎ፣ 240 ሚሊ ውሃ፣ 120 ሚሊ እርጎ፣ 2 እንቁላል፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ ግማሽ ጨው። ቅቤ፣ ውሃና ካካዎውን አፍልተሽ ከደረቁ ጋር አዋህጂ፣ ከዚያ እርጎና እንቁላል፤ በ180 ዲግሪ 20 ደቂቃ። የሐረር ከፍታ ከድሬ በብዙ ስለሚበልጥ ሶዳውን ሩብ ቀንሺ፣ ከስኳሩ 2 የሾርባ ማንኪያ አውጪ፣ ውሃው ላይ 3 ጨምሪ። 15 ደቂቃ ሳይሞላ ኦቨኑን አትክፈቺ።

አራተኛ በር፦ እርጎ ከሌለ አሬራ ይሆናል?

ጀጎል፦ ይሆናል፣ እንዲያውም ይሻላል። ሶዳው የሚፈልገው ኮምጣጣውን ነው። ጭስ የሸተተው ግን ይቅርብሽ፣ ካካዎው አይደብቀውም።

የከዚራ ልጅ፦ የሳቢያኗ፣ ምን ደረሰ?